ብርሃን የሚያልፍበት አዳራሽ

ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ላይ አፍሪካ አዳራሽ ቆሟል። በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕንፃ ብርቅ ነበር። የነደፈው አስመራ ላይ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የእሱ ሥራ ነው። ለአዳራሹ ግን ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አልበቃውም። ወንበሩንና ጠረጴዛውንም ራሱ ነደፈው።

ከመግቢያው በኋላ ግን ዓይን የሚሰርቀው ሌላ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል። ሠዓሊው ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የሠራው ይህ ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሰፋል። ሦስት ክፍል አለው። በአንደኛው ቀይ ቀለም ገንኖ የአፍሪካን የመከራ ዘመን ያሳያል፤ በሌላው አረንጓዴው ትግሉን፤ በሦስተኛው ቢጫው መጪውን ዘመን። ቀና ብሎ ያየ ሰው በመጨረሻው ክፍል ላይ የአገር ልብስ የለበሱ ኢትዮጵያውያንን ችቦ ይዘው ያገኛቸዋል። የውጭው ብርሃን ሲበረታ ቀለሙ ይነቃል፣ ሲደበዝዝ ይረጋል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ይህን ለማየት ብቻ መሄድ ያስቆጫል የሚል አይኖርም።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 ነፃ የአፍሪካ አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት እዚሁ ነው። አዳራሹ ከዓመታት እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል፤ የሜዜዲሚ ወንበሮችም ታድሰው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።