የከበሮ ሶፍትዌር ስለ መምረጥ



በቤታችን ኮምፒዩተር ዜማ ለማቀናበር የከበሮ ሶፍትዌር ስንመርጥ አስቀድመን ልንመረምረው የሚገባን ዋጋውን ሳይሆን አቈጣጠሩን ነው። አብዛኞቹ ሲከፈቱ የሚያቀርቡልን በአራት የሚቆጠር ምት ነው፤ የእስክስታችን ችክችካ ግን በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል። በአራቱ ላይ በግድ ብናስቀምጠው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሠርግ ዳስ ያደገ ትከሻ አይታዘዝለትም።

ድምፁም ሌላ ጕዳይ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣው የሮላንድ ቲአር-808 ድምፅ በየሶፍትዌሩ ይገኛል፤ የጎጃም ከበሮ ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ የራስን ቅጂ የሚቀበለውን፣ በነፃ የሚታደለውን ሃይድሮጅንን መርጠናል፤ ምቱንም በስድስት ስምንተኛ ለመደልደል ይመቻል። የከበሮውን ሰፊ ፊትና ጠባብ ፊት ለየብቻ በስልክ ቀድቶ፣ በዌቭ ዓይነት ማስገባት ነው። ቅጂው ግን የጎረቤት ወፍጮ ሳይነሣ፣ በማለዳ ቢሆን ይሻላል።