ከሻማ ሰም እስከ ሙዝ ልጣጭ



ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙዛችን ይህን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ሲጓዝ ውሃው ይተናል፣ ይጠወልጋል። ሌላው ዓለም ብርቱካንና ፖምን በስስ የሰም ሽፋን ያቆያል። ሰም ግን ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ አስታራቂ ይፈልጋል። ኢሙልሲፋየር የምንለው እሱን ነው።

አስታራቂው ከራሱ ከሰሙ ይወጣል። ፓራፊን ቀልጦ፣ ጥቂት የማንጋኒዝ ጨው ገብቶበት፣ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አየር ሲነፋበት ረጃጅም ሰንሰለቶቹ ተቆርጠው ፋቲ አሲድ ይሆናሉ። አሲዱ ከአልካሊ ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆናል፤ አንዱ ጫፉ ሰሙን፣ ሌላው ውሃውን ይይዛል። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስብ ሲያጥራቸው በዚሁ መንገድ ሳሙና ሠርተዋል።

ታዲያ ነገውኑ ሙዝ እንቀባ? የለም! በአየር የተነፋ ሰም ውስጥ ከአሲዱ ሌላ ፐርኦክሳይድና ኬቶንም አለ፤ ሰው በሚበላው ነገር ላይ ሳይመረመር አይቀባም። እኔ የምለው፣ ይህንን በክርና በእንጨት እንጀምረው፤ የሰም ኢሙልሽን ክርን ያለሰልሳል፣ እንጨትን ከእርጥበት ይጠብቃል። ለሙዙ ደግሞ ከጥጥ ፍሬ ዘይት የሚገኘውን ፋቲ አሲድ እንሞክር፤ አየር መንፋት አያሻውም፣ ጥጡም እዚሁ ደጃችን ይበቅላል።

ፋብሪካ ያላችሁ ጥያቄያችሁን አምጡ፤ መምህራን ላብራቶሪውን ክፈቱ። ተማሪዎቹስ? እነሱ ዝግጁ ናቸው።