ከዊልሰን ምን እንውረስ?

(በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ አጠገብ፣ በአፐር አርሊንግተን በተደረገው የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የአንድ መጽሐፍ ነገር ነው። መጽሐፉ ለፊዚክስ ሊቁ ለኬኔት ዊልሰን መታሰቢያ እንዲሆን በ2015 የታተመ የጽሑፎች ስብስብ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ። ባለፈው ስብሰባችን አንድ ወንድማችን «የአገራችን ልጆች ደብተር አጥተው ሳለ የፈረንጅ ሊቅ ሙገሳ ምን ይፈይድልናል?» ሲል ጠይቆ ነበር። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና ንግግሬ በሙሉ ለእርሱ የሚሰጥ መልስ ይሁን።

ዊልሰን ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም። ከዚህ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በኦለንታንጂ ወንዝ ዳር በሚገኘው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል አገልግሏል። በ2013 በሰባ ሰባት ዓመቱ ዐረፈ።

ሥራው ምን ነበር? ሁላችንም የምናውቀውን ውሃ እንውሰድ። ውሃ ሲፈላ ውሃውና እንፋሎቱ ተለይተው ይታያሉ። ነገር ግን ግፊቱ ከተራው አየር ግፊት 218 ጊዜ ያህል ሲበረታና ሙቀቱ 374 ዲግሪ ሲደርስ፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ድንበር ይጠፋል። ብረትም እንዲሁ፣ ቀጥቃጩ ከፍም አግብቶ 770 ዲግሪ ያህል ሲያግለው የማግኔት ጠባዩን ያጣል። የሚያስደንቀው፣ ውሃና አንዳንድ የማግኔት ዓይነቶች በምንም የማይመሳሰሉ ሲሆኑ፣ በዚያች በወሳኟ ነጥብ አጠገብ ለውጣቸው የሚመራበት ሕግ አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ዊልሰን ምክንያቱን በ1971 ባወጣቸው ጽሑፎች አስረዳ። ዘዴው ሁሉን ነገር ባንድ ጊዜ ለማስላት ከመሞከር ፈንታ ደረጃ በደረጃ ማጠቃለል ነው። ይኸውም አገርን የሚያጠና ሰው ከቤተሰብ ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ እያጠቃለለ እንደሚወጣ ማለት ነው። በየደረጃው ብዙ ዝርዝር ይወድቃል፤ እስከ መጨረሻው ጸንቶ የሚቀረው የነገሩ ዋና ጠባይ ነው። ለዚህ ሥራው በ1982 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ሽልማቱን ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ይህን ሰው ሳስብ ከሽልማቱ ይልቅ ሦስት ነገሮች ይበልጡብኛል።

አንደኛው ትዕግሥቱ ነው። ዊልሰን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1963 ነው። ዋናው ሥራው እስኪታተም ድረስ ስምንት ዓመት አለፈ፤ በእነዚያም ዓመታት ያሳተመው ጥቂት ነበር። ቢሆንም የሥራ ባልደረቦቹ አምነውበት በቦታው አጸኑት። ዛሬ በእኛ መካከል በየስድስት ወሩ ጽሑፍ ካላወጣን አለቀልን እያልን የምንጨነቅ ብዙዎች ነን፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ሁለተኛው ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። መጽሐፉን ካዘጋጁት አራት ሰዎች ሁለቱ፣ የባንግላዴሹ ተወላጅ በላል ባኪና አሜሪካዊው ማይክል ፔስኪን፣ የእርሱ ተማሪዎች ነበሩ። ሌላው ተማሪው ኤች. አር. ክሪሽናሙርቲ ወደ አገሩ ወደ ሕንድ ተመልሶ፣ ባንጋሎር ባለው የሳይንስ ኢንስቲትዩት አስተማረ። በዚያው ኢንስቲትዩት በ1997 የዶክትሬት ማዕርጋቸውን ያገኙት አንድ ኢትዮጵያዊ አሉ፤ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ። የእርሳቸውም ጥናት በዚያው ዊልሰን በደከመበት ሰፊ መስክ፣ የብዙ ቅንጣቶችን ጠባይ ባንድነት በሚመረምረው የፊዚክስ ክፍል ነው። እርሳቸው በደርግ ዘመን ከ1985 እስከ 1991 ታስረው ነበር፤ በእስር ቤትም ሳሉ እስረኞችን ያስተምሩ ነበር። ከተፈቱ በኋላ ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ። የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበርም በ2012 በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን የሰብዓዊ መብት ሽልማት ሰጣቸው። እንግዲህ ዕውቀት በአንድ አገር ታስሮ የሚቀመጥ ሀብት አይደለም፤ የሚሄደው ግን በሰው ትከሻ ነው።

ሦስተኛው ለወንድማችን ጥያቄ ይበልጥ የቀረበ ነው። ዊልሰን ወደዚህ ከተማ ከመጣ በኋላ ብዙ ድካሙን ለትምህርት ቤቶች ሰጠ። «ፕሮጀክት ዲስከቨሪ» በተባለው የኦሃዮ ሥራ መምህራን በክረምት እየተሰበሰቡ፣ ሳይንስን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ በእጃቸው እየሞከሩ እንዲማሩ ይደረግ ነበር። በ1994 ከቤኔት ዴቪስ ጋር ባወጣው መጽሐፍም፣ አውሮፕላን በየጊዜው እየተፈተነና እየታረመ እንደሚሻሻል ሁሉ ትምህርትም እንዲሁ ይሁን አለ። ለምሳሌ ካመሰገናቸው አንዱ ከኒውዚላንድ የመጣውና በኦሃዮ ስቴት በኩል በአሜሪካ የተስፋፋው፣ ንባብ የከበዳቸውን ሕፃናት አንድ በአንድ የሚረዳ ዘዴ ነው። ሆኖም በ2022 የቀረበ አንድ ጥናት በዚያ ዘዴ የተረዱት ልጆች ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሲደርሱ ከመሰሎቻቸው ወደ ኋላ ቀርተው አገኛቸው። ይህን ሸሽጌ ሊቁን ባሞግስ ትምህርቱን እክዳለሁ። የወደደውም ነገር ቢሆን ይፈተን፣ ስሕተቱ ይታረም፤ ሊቁ ያለው ይህንኑ ነውና።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ወይም ዘጠና ሰባቱ ሰነፎች ናቸው ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ። የወደቁት ልጆቹ ብቻ አይደሉም፤ የማስተማሪያው አሠራርም ወድቋል። ዊልሰን በዚህ ስብሰባ ቢኖር ኖሮ፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ደረጃ ልጁ መረዳቱን እንዳቆመ ይጠይቀን ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ልንመልስ እንችላለንን? ብዙዎቻችን ከነዚያው ትምህርት ቤቶች ወጥተን የረሳነው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን ፊዚክስ ወይም ሒሳብ ስላስተማሩን አንድ መምህር ሦስት ገጽ እንጻፍ። ሙገሳ ብቻ አይሁን፤ መምህሩ ያለ መሣሪያ እንዴት እንዳስረዱን፣ እኛም የት ላይ እንደጠፋብንና ማን እንደመለሰን በግልጽ እንናገር። ጽሑፎቹን ሰብስበን በአገር ቤት ላሉ መምህራን እንላክ፤ እነርሱም ያርሙን። ለደብተሩም ገንዘብ እናዋጣ፤ ወንድማችን እውነት ብሏልና። ነገር ግን ደብተሩ ሲደርስ በላዩ ምን እንደሚጻፍ ማሰብ የእኛም ፋንታ ነው።

የምናገረው ይህን ያህል ነው። የሚቃወም ካለ ይናገር፤ ብታረም ደስ ይለኛል።