የቃዲዎቹ ነገር



እ.ኤ.አ. በ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የቃዲ ፍርድ ቤቶች ይውጡ ብለው ተቃወሙ። እኔም እዚሁ ናይሮቢ ሱቄ ውስጥ ይህንኑ እያልኩ ከአንድ ሙስሊም ወገናችን ጋር እስከ መኳረፍ ደረስኩ።

ለካ ነገሩ የአገር ምሥረታ ውል ኖሯል! በ1963 የዛንዚባር ሱልጣን የባሕር ጠረፉን ለኬንያ ሲለቁ፣ ቃዲዎቹ እንዲቀጥሉ ጆሞ ኬንያታ በጽሑፍ ቃል ገብተዋል። ውል ደግሞ ውል ነው፤ ነጋዴ ያውቀዋል።

የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የመንግሥት ሃይማኖት የለም ይላል። በአንቀጽ 170 ደግሞ ቃዲ የሚዳኘው ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስንና የመሳሰለውን ብቻ ነው፤ ያውም ባለጉዳዮቹ ሁሉ ሙስሊሞች ሲሆኑና ሲፈቅዱ። የአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል።

ሳላነብ ነበር የጮኽኩት። ያ ወንድሜ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ተቀምጧል፤ ይቅርታዬን በእናንተ ፊት ይቀበለኝ።