የሻፍትና የሞተር መስመር የሚፈተሸው ውኃ ላይ ነው

ሞተሯ በውስጧ የተተከለ ጀልባ ስትንቀጠቀጥ ቀድሞ የሚወቀሰው ሞተሩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ካምቢዮውና የፕሮፔለሩ ሻፍት በሚጋጠሙባቸው ሁለት ፍላንጆች መካከል ይገኛል። በተለመደው መመዘኛ፣ የፍላንጁ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ በሰፊውና በጠባቡ ክፍተት መካከል ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የብስ ላይ በጥቂት ድጋፎች የቆመች ጀልባ ውኃ ላይ ስትንሳፈፍ ቅርጿ ከዚህ በላይ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ልኬት ጀልባዋ ውኃ ላይ ካደረች፣ ነዳጇም እንደ ወትሮው ከተሞላ በኋላ መሆን አለበት። ብሎኖቹ ይፈቱና ፍላንጆቹ ተቀራርበው ክፍተቱ በስስ የብረት መለኪያ በአራቱም አቅጣጫ ይለካል፤ ከዚያ ሻፍቱ ብቻውን ሩብ ዙር እየዞረ ልኬቱ ይደገማል። ሰፊው ክፍተት ከሻፍቱ ጋር ከዞረ ሻፍቱ ጎብጧል ወይም ፍላንጁ ተጣሟል፤ ከቦታው ካልተነቃነቀ ግን መስተካከል ያለበት የሞተሩ አቀማመጥ ነው።

«የጎማ መጋጠሚያ ካለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ይኖራል። ጎማው ንዝረትን ያለዝባል እንጂ የተዛባን መስመር አያቀናም። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ሻፍት ከተዛባ በየዙሩ ይታጠፋል፤ ጫናውም ኩሽኔታውን፣ የካምቢዮውን የዘይት መከላከያና ራሱን ጎማውን ይበላል። የብስ ላይ መሥራት ይቀላል የሚሉም ተሳስተዋል አይባልም፤ ለመነሻ ይጠቅማል። ውኃ ላይ ያልተረጋገጠ ልኬት ግን ግምት ነው።