የተሽከርካሪ ፍጥነት መለኪያ ትክክለኛነትና የባለሙያው ድርሻ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በአሽከርካሪው ፊት ያለው መሣሪያ በስሙ ፍጥነት ይለካል ይባል እንጂ በእርግጥ የሚያደርገው ዙር መቁጠር ነው። ጎማው በአንድ ዙር ምን ያህል መንገድ እንደሚሸፍን መሣሪያው በራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ፋብሪካው አንድ ጊዜ የሰጠውን ልክ ይዞ ይኖራል።

ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትሰ በ1902 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዓይነት መለኪያ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት አገልግሏል፤ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ዛሬም ይገኛል። ከካምቢዮ የሚነሣ ተጣጣፊ ገመድ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱ በአጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ጽዋ ሳይነካው፣ በውስጡ በሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ፍሰት አማካይነት አብሮት እንዲዞር ይስበዋል። ቀጭን ስፕሪንግ ደግሞ ጽዋውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ሁለቱ ኃይሎች በተመጣጠኑበት ቦታ ቀስቱ ይቆማል። ማግኔቱ ሲደክም ቀስቱ ዝቅ ይላል፤ ስፕሪንጉ ሲላላ ከፍ ይላል። በአዳዲሶቹ ተሽከርካሪዎች ገመዱ ቀርቶ ሴንሰር ተተክቷል፤ ቆጠራው ጠርቷል፤ የሚቆጠረው ግን ያው ዙር ነው።

ይህ ስለሚታወቅ ፋብሪካዎች መለኪያውን ሆን ብለው ወደ ላይ ያዘነብሉታል። የተባበሩት መንግሥታት 39ኛ የተሽከርካሪ ደንብ ለብዙ ዓመታት የሠራበት ቀመር መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ፈጽሞ ይከለክላል፤ በላይ ለማሳየት ግን የእውነተኛውን ፍጥነት አንድ ዐሥረኛና 4 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል። በመሆኑም በእውነት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 114 ቢያሳይ ከደንቡ አልወጣም።

ችግሩ የሚጀምረው አሽከርካሪው ይህን ትርፍ ሲያውቅና በልቡ መቀነስ ሲለምድ ነው። አንድ ኮሮላ 195/65 አር 15 ጎማ አለው፤ መለኪያውም በእውነተኛ 100 ላይ 104 ያሳያል እንበል። ባለቤቱ ጉድጓድና ድንጋይ ስላስመረረው መኪናውን ከፍ ለማድረግ በዚያው ቸርኬ ላይ 205/70 አር 15 ያስገጥማል። የጎማው ቁመት ከ634 ወደ 668 ሚሊ ሜትር አደገ፤ ይኸውም 5.3 በመቶ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስቱ 104 ላይ ሲቆም ሰውየው እንደ ልማዱ «100 ነኝ» ይላል፤ መኪናው ግን ከ105 በላይ ይሄዳል። ፋብሪካው የተወለት ትርፍ አልቋል፤ ይህን የነገረውም የለም። ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ እርሱ ከሚገምተው በ11 በመቶ ያህል ይረዝማል።

ይኸው ሰው ከወር በኋላ «መኪናዬ ነዳጅ ትበላለች» ብሎ ወደ ጋራዥ ይመጣል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ቀርቷልና ቀድሞ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን 9.5 ይመስላል። ስንት ካርቡራተር በከንቱ ተፈትቶ ይሆን!

ያረጀ ጎማ በተቃራኒው ይሠራል። ጥርሱ ከ8 ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲያልቅ ዙሩ 2 በመቶ ያህል ያጥራል፤ መለኪያውም ያጋንናል። ይህ ጉዳት የለውም፤ ሆኖም አዲስ ጎማ በተገጠመ ዕለት ንባቡ መልሶ እንደሚወርድ ለባለቤቱ መንገር ይገባል።

ጎሚስታው የሸጠውን ጎማ ልክ፣ ጋራዡም የተቀበለውን ተሽከርካሪ የጎማ ልክ ከፋብሪካው ልክ ጎን በሥራ ካርዱ ላይ ቢጽፍ የሚወስድበት ግማሽ ደቂቃ ነው። ልዩነት ከተገኘ መፈተኑ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የኪሎ ሜትር ምልክት ባለበት ቀጥተኛና ሜዳ መንገድ ላይ አሽከርካሪው ቀስቱን 80 ላይ አጽንቶ ይይዛል፤ ረዳቱ ሰዓት ይይዛል። አንዱ ኪሎ ሜትር በ45 ሰከንድ ካለቀ መለኪያው ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ከፈጀ ያጋንናል። በ43 ሰከንድ ካለቀ ግን ተሽከርካሪው በእውነት ወደ 84 እየሄደ ስለሆነ፣ መለኪያው እስኪስተካከል ወይም ጎማው ወደ ልኩ እስኪመለስ ድረስ ይህ ለባለቤቱ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል።