የአባት ፍርሃትና የልጅ ችኮላ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት የተወሰደ)

ዛሬ የምንነጋገረው በብዙዎቻችን ቤት ስላለ ጭቅጭቅ ነው። አባት፣ «ዕቁብህን ጣል፣ ወርቅ ግዛ፣ የምትኖርበትን ቤት ሥራ» ይላል። ልጅ ደግሞ፣ «አክሲዮን ልግዛ» ይላል። አባት ልጁን ቁማርተኛ ይለዋል፤ ልጅ አባቱን ኋላ ቀር ይላቸዋል። መጨረሻው ምንድን ነው? ልጅ ተደብቆ ይከፍላል፤ አባትም ያላቸውን ሳይናገሩ ያልፋሉ። እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ፤ ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

ወጣቶች፣ አባቶቻችሁ ያዩትን እወቁ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ባንኮችም የመንግሥት ሆኑ። ዕድሜ ልኩን የሠራበትን ቤት አከራይቶ ይኖር የነበረ ሰው በአንድ አዋጅ ባዶ እጁን ቀረ። የተረፈለት የሚኖርበት ቤት ብቻ ነበር። ይህን ያየ ሰው በወረቀት ላይ ያለ ሀብት ቢጠራጠር ይፈረድበታል? አይፈረድበትም!

አባቶችና እናቶች፣ እናንተም ልጆቻችሁ ያዩትን እዩላቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በደብተራቸው ያለው ብር ቁጥሩ አልጎደለም፤ የሚገዛው ነገር ግን አነሰ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ አቀረበ፤ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። መግዣው ቴሌብር ነበር፤ ስልክ ላይ። በጥር ወር ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ልጃችሁ ገንዘቡ እየቀለጠበት በር ሲከፈት ቢያይ፣ ልግባ ማለቱ ስግብግብነት ነው?

ኤርምያስ ምዕራፍ 32ን ቤታችሁ ሆናችሁ አንብቡት። ነቢዩ በዓናቶት ያለውን እርሻ ከአጎቱ ልጅ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። መቼ? የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቦ፣ እሱም ታስሮ ሳለ! ድፍረቱ የወጣት ነው። አገዛዙ ግን የሽማግሌ ነው፤ ብሩን በሚዛን መዘነ፣ ምስክር አቆመ፣ ውሉን ፈርሞ አተመ፣ ሰነዱም ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ አዘዘ። ነቢዩ ራሱ በኋላ ወደ ግብፅ ተወሰደ። ተስፋው ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ነበር።

ልጄ፣ ሚዛንህ የታለ? በቴሌግራም «በሳምንት እጥፍ ይሆንልሃል» የሚልህ ሰው ምስክሩ ማን ነው? ሰው ባመጣህ ቁጥር ይከፈልሃል ከተባልክ፣ የሚከፈልህ ከሚቀጥለው ሰው ኪስ ነው። «የጸሎት ቡድናችን ሁሉ ገብቷል» ቢሉህም ውሉን ጠይቅ። እምነት ውል ሳያነቡ መፈረም አይደለም። የአባትህን ቤት ካርታ ደግሞ በምንም ምክንያት አታስይዝበት።

አባባ፣ እርስዎስ ሰነድዎ የት ነው? የቤቱ ካርታ የት ሣጥን እንዳለ፣ ዕቁቡ ከእነማን ጋር እንደሆነ፣ ለማን እንዳበደሩ ልጆችዎ ያውቃሉ? ኤርምያስ ውሉን ያስጻፈው በምስክሮች ፊት፣ በግልጽ ነው። ሳይናገሩት የቀረ ሀብት ለልጆችዎ ርስት ሳይሆን የፍርድ ቤት ክርክር ይሆንባቸዋል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ ቡናው ሲፈላ፣ አብራችሁ ተቀመጡ። አባት ምን እንዳጡ ይንገሩ፤ ልጅ ሳያቋርጥ ይስማ። ልጅም ምን እንደሚያስፈራው ይንገር፤ አባት ሳይቆጡ ይስሙት። ከዚያ አንድ ብር ከመውጣቱ በፊት ውሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ጸልዩበትም። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።